ባዶው ክኒን ቢደርሰኝስ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር፣ እንደምን አሉ። 31 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳር ነኝ። የብልቴ መግቢያ ማቃጠል ከጀመረ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ግንኙነት ስናደርግ ምላጭ የገባ ነው የሚመስለኝ። ጠባብ ሱሪ ለብሼ ብዙ ከተቀመጥኩም ይነሳብኛል። አምስት ሐኪም አይቶኛል፤ የፈንገስ መድኃኒት ስንቴ እንደወሰድኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ‹ቨልቮዳይኒያ ነው› ብላ ማታ ማታ የምውጠው አሚትሪፕቲሊን አዘዘችልኝ። ትንሽ ለቀቅ አደረገኝ እንጂ አልተወኝም። አሁን ደግሞ ለዚሁ ሕመም አዲስ መድኃኒት የሚሞክሩ ተመራማሪዎች ተሳታፊ እንደሚፈልጉ ሰማሁ። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? ባዶው ክኒን ቢደርሰኝስ? ባለቤቴ ‹የላቦራቶሪ አይጥ ልትሆኚ ነው እንዴ?› ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። አራት ዓመት፣ አምስት ሐኪም። ድሮ ቢሆን ይገርመኝ ነበር፤ ዛሬ ግን አይገርመኝም። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ አሜሪካ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን የጠየቀ አንድ ጥናት አለ። ምክንያቱ ያልታወቀ የቆየ የብልት ሕመም ከነበረባቸው ሴቶች 40 በመቶ ያህሉ ጭራሽ ሐኪም ዘንድ አልሄዱም። ከሄዱት ደግሞ 60 በመቶዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሐኪም ጋ ተመላልሰዋል። ስለዚህ የአንቺ መንከራተት የአንቺ ጥፋት አይደለም። ሙያችን ራሱ ይህን ሕመም ዘግይቶ ነው ያወቀው። እኔ ተማሪ ሳለሁ ስለሱ የተነገረኝ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም ነበር።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። መግባት ትችያለሽ፤ ለአንዳንድ ሴቶች ጥሩ አጋጣሚ ነው። ግን «በቃ ሕክምና አገኘሁ» ብለሽ ከሆነ የምትገቢው፣ ቆም በይ። ሙከራ የሚደረገው መልሱ ስላልታወቀ ነው። ቢታወቅማ ሐኪምሽ ወረቀት ላይ ጽፋ ትሰጥሽ ነበር።

ወደ ዝርዝሩ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያቺ ሐኪም «ቨልቮዳይኒያ» ያለችሽ በደንብ መርምራሽ ነው ወይስ ታሪክሽን ሰምታ ብቻ? ይህን የምጠይቀው እሷን ለመጠራጠር አይደለም። ሙከራ ውስጥ ገብቶ ለመጠቀምም ሆነ ላለመጎዳት ዋናው ነገር ሕመምሽ በትክክለኛ ስሙ መጠራቱ ስለሆነ ነው።

ቨልቮዳይኒያ ማለት ቢያንስ ሦስት ወር የቆየ፣ ግልጽ መነሻ ያልተገኘለት የውጫዊ ብልት ሕመም ነው። ይህን ትርጉም በ2015 እ.ኤ.አ. በዘርፉ የሚሠሩ ሦስት የሙያ ማኅበራት ተስማምተውበታል። «መነሻ ያልተገኘለት» የሚለው ታዲያ እንዲሁ በአፍ የሚባል አይደለም። መጀመሪያ መነሻ ሊሆኑ የሚችሉትን አንድ በአንድ ፈትሾ ማስወጣት ይጠይቃል። ያ ሁሉ የፈንገስ መድኃኒት ሲታዘዝልሽ ናሙና ተወስዶ ፈንገስ ታይቷል ወይስ በግምት ነበር? ሄርፐስ አለመሆኑ ተረጋግጧል? ላይከን ስክለሮሰስ የሚባል፣ ቆዳን የሚያነጣና የሚያሳሳ በሽታ አለ፤ እሱስ ታይቷል? የወሊድ ስፌት የተወው ጠባሳስ? እነዚህ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕክምና አላቸው። ከነዚህ አንዱ ካለብሽ ለቨልቮዳይኒያ የሚሞከር መድኃኒት ወስደሽ ወራት ማባከን ምን ያደርግልሻል?

ምርመራው ራሱ ቀላል ነው፤ ቀላል የማይሆነው ለሚመረመረው ሰው ነው። ሐኪሟ ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን ዘንግ ትይዛለች፤ ጆሮ የሚጠረግበት ዓይነት። መጀመሪያ ጭንሽን ነካ ታደርጋለች። «አሁን የሚሰማሽ ይህ ነው፤ ዜሮ በዪው» ትልሻለች። ከዚያ ወደ ውጨኛው ከንፈር፣ ከዚያ ወደ ውስጠኛው ትሄዳለች። በመጨረሻ የብልቱን መግቢያ ዙሪያውን እየዞረች ቀስ ብላ ትጫናለች፤ በሰዓት ገጽ ላይ እንደተጻፉት ቁጥሮች፣ 1 ላይ፣ 3 ላይ፣ 5 ላይ። ብዙ ሴቶች ታች አካባቢ፣ በ5 እና በ7 መካከል ስትደርስ ከአልጋው ይነሳሉ። «ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ስትባል 8 እና 9 ያለችኝ ብዙ ናት። ለጥጥ! ቆዳው ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር የለም። ከቅላት ያለፈ አታገኚም። ለዚህ ነው አምስት ሐኪም «ምንም የለብሽም» ሊልሽ የሚችለው። ባየው አልፈርድም፤ ያልነካ ግን ሊያውቅ አይችልም።

ይህን ምርመራ ካላደረግሽ፣ ወደ ሙከራው ከመደወልሽ በፊት አድርጊው። ካደረግሽው ውጤቱን ጽፈሽ ያዢ። ሕመሙ መግቢያው ላይ ብቻ ነው ወይስ ዙሪያውን ሁሉ? ሲነካ ብቻ ነው ወይስ በራሱም ይመጣል? ከመጀመሪያው ግንኙነትሽ ጀምሮ የነበረ ነው ወይስ ጤነኛ ሆነሽ ቆይተሽ የመጣ? ከጻፍሽልኝ እንደሚመስለኝ የአንቺ ቅልቅል ነው፤ ሲነካም ያማል፣ ስትቀመጪም ይነሳል። ይህ ለተመራማሪዎቹ ትልቅ ነገር ነው። አንዳንዱ ሙከራ የሚፈልገው ሲነካ ብቻ የሚያማትን ሴት ነው። ሌላው በራሱ የሚመጣውን ይፈልጋል። የሁለቱ መንገድ አንድ ላይሆን ስለሚችል ለይተው ማየት ይፈልጋሉ። ሌላም መታየት ያለበት አለ፤ የዳሌ ወለል ጡንቻሽ፣ ማለትም ብልትንና ፊኛን ከሥር የሚደግፈው ጡንቻ። ሕመምን ሲፈራ የኖረ ጡንቻ ሳታውቂው ተቆልፎ ይቀራል። ከዚያ ሕመሙ ከቆዳው ይሁን ከጡንቻው መለየት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ባዶው ክኒን። ፕላሴቦ የሚባለው እሱ ነው። መልኩም ጣዕሙም እንደ እውነተኛው ሆኖ መድኃኒቱ የሌለበት። ማን የትኛውን እንደሚወስድ በዕጣ ይወሰናል፤ ብዙ ጊዜ አንቺም ሐኪምሽም አታውቁም። ይህ ጭካኔ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ታሪክ ልንገርሽ።

ለዚህ ሕመም ሐኪሞች ለዓመታት ሁለት ነገር ሲያዝዙ ኖረዋል፤ ሊዶኬይን የሚባል የሚያደነዝዝ ክሬምና የአሚትሪፕቲሊን ዘመድ የሆኑ ክኒኖች። እኔም አዝዣለሁ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ሙከራ ይህን ፈተነው። 133 ሴቶች ለ12 ሳምንት በአራት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን እውነተኛ ክሬምና ባዶ ክኒን፣ ሁለተኛው ባዶ ክሬምና እውነተኛ ክኒን ወሰደ። ሦስተኛው ሁለቱንም እውነተኛ፣ አራተኛው ሁለቱንም ባዶ። ክኒኑ ከነዚያ የአሚትሪፕቲሊን ዘመዶች አንዱ፣ ዴሲፕራሚን ነበር። ውጤቱ ሲታይ ክሬሙን ብቻ የተቀቡት ሕመማቸው በ20 በመቶ ቀነሰ። ክኒኑን ብቻ የዋጡት በ24 በመቶ። ሁለቱንም የወሰዱት በ36 በመቶ። ሁለቱም ባዶ የነበረባቸውስ? 33 በመቶ።

አዎ፣ በትክክል አንብበሻል። ምንም ያልወሰዱት ክሬሙን ብቻ ከተቀቡትም፣ ክኒኑን ብቻ ከዋጡትም አላነሱም። በአራቱ መካከል መድኃኒቱ ከባዶው ይበልጣል የሚያሰኝ ልዩነት አልተገኘም። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጋባፔንቲን የሚባል የነርቭ ሕመም መድኃኒት ተራው ደረሰ። እሱ ሙከራ የተሠራው በመቀያየር ነበር። እያንዳንዷ ሴት ለተወሰኑ ሳምንታት አንዱን፣ ከዚያ ሌላኛውን ትወስዳለች። አማካይ ሕመም በጋባፔንቲን ጊዜ 4.0፣ በባዶው ጊዜ 4.3 ሆነ። ይኼ ደግሞ ልዩነት አይባልም።

ስለዚህ «ባዶው ቢደርሰኝስ» ብለሽ ስትፈሪ፣ ሳታስቢው አዲሱ መድኃኒት እንደሚሠራ አምነሽ ነው። ይህ ገና አልታወቀም። እውነተኛው የደረሳት ሴት ዕድለኛ፣ ባዶው የደረሳት የተበደለች ናት ማለት አይቻልም። እውነተኛው የደረሳት አንዳንዴ የምታገኘው የጎን ጉዳቱን ብቻ ነው።

ባዶው ለምን ይህን ያህል ያሻለ ይመስልሻል? ምክንያቱ ብዙ ነው። ሰው ሙከራ ፍለጋ የሚሄደው ሕመሙ ሲብስበት ነው፤ የባሰ ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱ ትንሽ ይበርዳል። አእምሮ እፎይታን ሲጠብቅ ራሱ የሕመም ማስታገሻ ያመነጫል፤ ይህ ተረት ሳይሆን የተጠና ነገር ነው። ከሁሉ በላይ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ስንት ዓመት «ሐሳብሽ ነው» ስትባል የኖረች ሴት በየጊዜው «ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቃትና መልሷን የሚጽፍላት ሰው ታገኛለች። ይህ በራሱ ምን ያህል እንደሚያቀል ያየሁት ሙከራ ላይ ስሠራ ነው። አንዲት ተሳታፊ የመጨረሻ ቀጠሮዋ ላይ መድኃኒቱን ሳይሆን ነርሷን «ትናፍቂኛለሽ» ብላት ሄደች። ክኒኗ የትኛው እንደነበር እስከዛሬ አላውቅም።

እዚህ ላይ «እንግዲያ የኔም አሚትሪፕቲሊን አይሠራም ማለት ነው» ብለሽ እንዳትጥዪው። ጥናት የሚናገረው ስለ አማካይ ነው። አንቺን ለቀቅ ካደረገሽ ለመተው ምክንያት የለሽም። በተለይ ለሙከራው ብለሽ በራስሽ እንዳታቋርጪው። በድንገት ሲቋረጥ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል። ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው።

ይህ ጉዳይ ግን ለአንቺ ዋነኛው ነው ብዬ ነው የማምነው፤ ከፕላሴቦውም በላይ። ብዙ ሙከራዎች እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለ የነርቭ ሕመም መድኃኒት የምትወስድን ሴት ወይ አይቀበሉም፣ ወይ ለተወሰኑ ሳምንታት እንድታቆም ይጠይቃሉ። መድኃኒቱ ከሰውነት ወጥቶ እስኪያልቅ ነው የሚጠበቀው። አንዳንዶቹ ደግሞ «መጠኑ ሳይቀየር ለወራት የቆየ ከሆነ ይቀጥል» ይላሉ። አንቺ የምትገቢበት የትኛው ነው? የመጀመሪያው ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። ያለችሽን ትንሽ እፎይታ አስይዘሽ ያልታወቀ ነገር መግዛት ይሆናል። ያቺ «ትንሽ ለቀቅ» ያልሻት ነገር ለአንቺ ምን ማለት ናት? ሌሊት እንድትተኚ ያደረገችሽ ከሆነች፣ እኔ እሷን አልሸጥም። ምንም ያህል የማትሰማሽ ከሆነች ደግሞ ብዙ የምታጪው የለም።

ሙከራ ማለት ሁሌ ክኒን ማለትም አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ የካናዳ ጥናት 212 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ለ10 ሳምንት በዳሌ ወለል ላይ የሚሠራ ፊዚዮቴራፒ አገኙ፤ ግማሾቹ ማታ ማታ ሊዶኬይን ተቀቡ። ፊዚዮቴራፒው በግልጽ በለጠ፤ ከስድስት ወር በኋላም ብልጫው አልጠፋም። እዚያ ባዶ የደረሰው ሰው የለም፤ ሁለቱም ወገን ሕክምና ነው ያገኘው። ስለዚህ የሰማሽው ሙከራ አዲሱን መድኃኒት ከምን ጋር እንደሚያወዳድር ጠይቂ። ደግሞ ፊዚዮቴራፒ ሞክረሽ የማታውቂ ከሆነ፣ ከአዲስ መድኃኒት ሙከራ በፊት እሱን ብትሞክሪ ደስ ይለኛል። ይህን ስል አንዳንድ ባልደረቦቼ ይቆጡኛል፤ ይቆጡ።

አንድ ሌላ የቆየ ጥናት ደግሞ ስለ ዕጣ ጥሩ ትምህርት አለው። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። 78 ሴቶች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ፤ የቡድን የሥነ ልቦና ሕክምና፣ የጡንቻ ልምምድ በመሣሪያ ድጋፍ፣ ወይም ሕመም ያለበትን የመግቢያ ቆዳ በቀዶ ጥገና ማንሳት። ዕጣው ቀዶ ጥገና ካወጣላቸው ውስጥ በርከት ያሉት «አይ፣ እሱ ይቅርብኝ» አሉ። አልፈርድባቸውም። ግን ከመፈረማቸው በፊት ራሳቸውን ቢጠይቁ ይሻል ነበር። አንቺም ስትፈርሚ እያንዳንዱን ዕጣ በተራ አስቢው። «ይህ ቢወጣልኝ እቀበለዋለሁ?» አንዱን እንኳ «አልችልም» ካልሽ፣ ያ ሙከራ የአንቺ አይደለም።

አሁን በር ከፍተሽ ስትገቢ ምን እንደሚጠብቅሽ። መጀመሪያ ማጣሪያ አለ። ረጅም ነው። ታሪክሽን ይጠይቃሉ፣ ናሙና ይወስዳሉ፣ የእርግዝና ምርመራ ይሠራሉ፣ ያ የጥጥ ምርመራ ይደገማል። ከዚያ ወረቀት ይመጣል። በብዙ ጥናቶች ላይ የሚሠራበት 19 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ ባለፉት አራት ሳምንታት ስለነበረው ፍላጎት፣ እርጥበት፣ እርካታና ሕመም ይጠይቃል። ለእናትሽም ያልነገርሽውን ነው የሚጠይቅሽ። ቀደም ብለሽ ብታውቂው ይሻላል ብዬ ነው።

ሕመሙን የሚለኩበት ዋናው መንገድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የታምፖን ፈተና ነው፤ ታምፖን በወር አበባ ጊዜ ወደ ብልት የሚገባው የጥጥ ጥቅል ነው። ቤትሽ ሆነሽ፣ ለምሳሌ በሳምንት አንድ ቀን፣ ታምፖን ራስሽ ታስገቢያለሽ፣ ወዲያው ታወጪዋለሽ፣ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ትሰጫለሽ። ይኸው ነው። ይህ መለኪያ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የግንኙነት ሕመም ብቻ ቢለካ፣ በሕመሙ ምክንያት ግንኙነት ያቆመች ሴት ምን ብላ ትመዘግባለች? ባል የሌላትስ? ታምፖኑ ለሁሉም አንድ ነው። ብዙ ጥናት ሕመሙ ከተወሰነ ቁጥር በታች የሆነባትን አይቀበልም፤ ከፍ ያለ ነገር ከሌለ መቀነሱ አይታይማ። ታምፖን ተጠቅመሽ የማታውቂ ከሆነ ይህንኑ ንገሪያቸው፤ ያሳዩሻል።

ከምርመራው በኋላ ሕመሙ ለአንድ ሁለት ቀን ሊነሳብሽ ይችላል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለጥቂት ደቂቃ ያዢበት፣ የዚያን ቀን ጠባብ ሱሪሽን ተዪው። መርማሪዋ ሴት እንድትሆንልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። በምርመራ መሐል «ቁሚ» ካልሽ መቆም አለባት። ይህ ልመና አይደለም፣ መብትሽ ነው።

ካጣሩሽ በኋላ «አትገቢም» ሊሉሽም ይችላሉ፤ ለዚህ ተዘጋጂ። ከላይ የነገርኩሽ የጋባፔንቲን ሙከራ 230 ሴቶችን አጣርቶ ዕጣ ያወጣው ለ89 ብቻ ነበር። ሌላ የቆዳ በሽታ ስላለ፣ ሕመሙ ከተፈለገው ቁጥር ስላነሰ፣ በሚወስዱት መድኃኒት ምክንያት ሊጣሉ ይችላሉ። «አልተቀበልንሽም» ማለት «አላመመሽም» ማለት አይደለም። አንዲት ታካሚዬ ከማጣሪያ ስትመለስ እያለቀሰች «እነሱም አላመኑኝም» አለችኝ። እሷን ያስቀራት አንድ የፈንገስ ናሙና ነበር። ታከመች፤ በቃ።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። «አይጥ» ያለው ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። ግን አይጥ አይፈርምም፤ ስልችት ሲለውም ጥሎ አይወጣም። አንቺ የትኛውም ቀን ላይ «በቃኝ» ብለሽ መውጣት ትችያለሽ፤ ምክንያት መስጠት የለብሽም፤ መደበኛ ሕክምናሽም በዚህ አይጓደልም። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ከተመራማሪዎቹ ነጻ የሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማየትና መፍቀድ አለበት። ይህ ሁሉ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የሄልሲንኪ መግለጫ የሚባለው ሰነድ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየጊዜው ሲሻሻል ኖሯል። በ2024ቱ ማሻሻያ እንደ አንቺ ያለውን ሰው «የሚጠና» ማለት ትቶ «ተሳታፊ» ብሎታል። ለባለቤትሽ ይህችን ንገሪው።

እንዲያውም የሴቶች ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ልጅ መውለድ የሚችሉ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች እንዳይገቡ መመሪያ አወጣ። ያ የተነሳው በ1993 ነው። ሐሳቡ ጽንስን ለመጠበቅ ነበር። ውጤቱ ግን ሴቶች የሚውጡት ብዙ መድኃኒት በወንድ ሰውነት ላይ የተለካ ሆኖ ቀረ። በሴት ብልት ሕመም ላይ ያለን እውቀት እንዲህ የሳሳው አንድም ለዚህ ነው ባይ ነኝ።

የጽንሱ ነገር ዛሬም አለ። ሙከራው ላይ እያለሽ እንዳታረግዢ የወሊድ መከላከያ ይጠይቁሻል። ልጅ ለመውለድ እያሰባችሁ ከሆነ አሁን ተነጋገሩበት፤ ወራት ይወስዳል። የትኞቹን መከላከያዎች እንደሚቀበሉም ጠይቂ። የወሊድ መከላከያ ክኒን በአንዳንድ ሴቶች የመግቢያውን ሕመም ያባብሳል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ አይደለም የሚሉም አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም፤ ስለዚህ ለሙከራው ብለሽ አዲስ ክኒን ከመጀመርሽ በፊት ከሐኪምሽ ጋ ተማከሪ።

ቅጹን ስታገኚ እዚያው ቆመሽ አትፈርሚ። ወደ ቤት ይዘሽው ሂጂ። ዓይንሽ ቶሎ ማረፍ ያለበት ጥቂት ቦታዎች ላይ ነው። መድኃኒቱ ስንተኛ ደረጃ ላይ ነው? አንደኛ ደረጃ በዋነኛነት ደኅንነቱን ነው የሚያየው። ሁለተኛው መጠኑንና ተስፋ ያለው መሆኑን፣ ሦስተኛው በብዙ ሰው ላይ ከሌላ ጋር ያወዳድራል። «አዲስ መድኃኒት» ሲሉሽ ከዚህ በፊት ስንት ሰው ወስዶታል በዪ። ብጎዳ የሕክምና ወጪውን ማን ይችላል? ይህ በጽሑፍ ካልሰፈረ አትግቢ። ሕመሙ ከመጠን በላይ ቢነሳብኝ ምን ዓይነት ማስታገሻ ይፈቀድልኛል? ሙከራው ሲያልቅ፣ ከጠቀመኝ፣ መድኃኒቱን ማግኘቴን እቀጥላለሁ? ብዙ ጊዜ መልሱ «አይ» ነው። አራት ዓመት ስትቃጠይ ቆይተሽ ለሦስት ወር ዕረፍት አግኝተሽ ሲወሰድብሽ ምን እንደሚሰማሽ አሁኑኑ አስቢው። እኔ ካየሁት ሴቶችን ከፕላሴቦ ይልቅ የሚያማቸው ይህ ነው።

የባሰም አለ። ለመሳተፍ ገንዘብ ክፈይ ካሉሽ ጥለሽ ሂጂ። ብዙውን ጊዜ የሙከራ መድኃኒትና ለጥናቱ ብቻ የሚደረግ ምርመራ በተሳታፊ ኪስ አይደረግም፤ እንዲያውም የትራንስፖርት የሚሸፍኑ አሉ። «100 በመቶ ያድናል» ያለሽንም እንዲሁ። ሙከራው በይፋ መዝገብ ላይ መኖሩንም እዪ። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍት የሆነው ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ አንዱ ነው። እዚያ የተመዘገበ ጥናት ኤንሲቲ በሚሉ ፊደላት የሚጀምርና ስምንት አኃዝ የሚከተለው መለያ አለው። የዓለም ጤና ድርጅትም የብዙ አገሮችን መዝገብ አንድ ላይ የሚያሳይ የፍለጋ ገጽ አለው። ግን ልብ በዪ፤ መዝገብ ላይ መገኘት ማለት መንግሥት አይቶ አጽድቆታል ማለት አይደለም። መዝገብ እንጂ ማኅተም አይደለም።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ዛሬ ማታ አንድ ደብተር አወጣለሁ። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፤ ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነበር፣ ምን አስነሳው፣ እንቅልፌ እንዴት ነበር። ይህ ለማጣሪያውም ይጠቅማል፣ አሚትሪፕቲሊኑ ምን ያህል እየሠራልሽ እንደሆነም ያሳይሻል። ከዚያ ወደ ሙከራው አስተባባሪ እደውልና ሁለት ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፤ «አሁን የምወስደውን መድኃኒት ማቆም አለብኝ?» እና «መድኃኒታችሁ የሚወዳደረው ከምን ጋር ነው?» መልሳቸው ካላራቀሽ ቅጹን እንዲልኩልሽ ጠይቂ፤ አንድ ቅጂ ለሐኪምሽ ስጪያት፣ አንዱን ደግሞ ከባለቤትሽ ጋ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። እሱም ጥያቄ ይኖረዋል፤ ወደ አስተባባሪው ራሱ ይደውል። ያልገባሽ መስመር ካለ ያንኑ መስመር ገልብጠሽ ጻፊልኝ፤ አብረን እናየዋለን።